ሜቲዮር ልክ አናት ላይ ሲደርስ ምስሉ ለምን ይቆረጣል? (ጎንደር፣ ቆርቆሮ ጣሪያ)

ማራኪ137 ጠየቀ፦

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ከጎንደር ሜቲዮር ኤም2-4 ከተባለው የሩሲያ ሳተላይት የአየር ሁኔታ ምስል እየተቀበልኩ ነው። ሳተላይቱ በላያችን ሲያልፍ ግን ምስሉ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይጠፋል። ዝርዝሩ ይኸው።

ሪሲቨሩ ላፕቶፕ ላይ የሚሰካው የዩኤስቢ ዶንግል፣ አርቲኤል ኤስዲአር ቪ3 ነው። አንቴናው ቪ ዳይፖል ሲሆን ሁለቱም ክንፎች 53.4 ሴ.ሜ. ናቸው፤ በመካከላቸው 120 ዲግሪ አለ፤ የተሠራው ከ4 ካሬ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ገመዱ 12 ሜትር የዲሽ ገመድ፣ ላፕቶፑ ዊንዶውስ 10፣ ፕሮግራሙ ሳትደምፕ፣ ፍሪኩዌንሲው 137.9 ሜጋኸርዝ፣ ጌይኑ (የሪሲቨሩ ማጉያ መጠን) 40። አንቴናው አጣና ላይ ታስሮ ከቆርቆሮው 1 ሜትር ከ10 ከፍ ብሏል። የቪው አፍ ወደ ሰሜን ያያል።

ሳተላይቱ ከአድማስ 15 ዲግሪ ሲወጣ መያዝ ይጀምራል። 30 ዲግሪ ላይ ኤስኤንአሩ (ሲግናሉ ከሬዲዮ ጫጫታው የሚበልጥበት መጠን) 10 ዲቢ (ዴሲቤል) ይደርሳል። 60 ላይ ወደ 6 ይወርዳል፤ 70ን ሲያልፍ ጭራሽ ይጠፋና ቪተርቢው (የፕሮግራሙ ስህተት አራሚ) ቀይ ይሆናል። ከ1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ በኋላ በሌላው በኩል ሲወርድ ተመልሶ ይይዛል። ግብፅና ሱዳን፣ ኬንያና ታንዛኒያ ጥርት ብለው ይወጣሉ፤ ጥቁር ሆኖ የሚቀረው ጣናና ስሜን ነው! በጎን ዝቅ ብሎ በሚያልፍበት ቀን ግን ይህ ጥቁር ቀበቶ የለም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ኤልኤንኤ (ደካማ ሲግናል የሚያጎላ ማጉያ) ብገዛ ይስተካከላል? ደግሞስ የአሜሪካውን የአየር ሁኔታ ሳተላይት ኖአ 19ን 137.1 ላይ ስፈልገው የማላገኘው በእኔ ዕቃ ምክንያት ነው?


ጋሽ_ሽቦ መለሰ፦

መልሱ አንተው ከጻፍካቸው ቁጥሮች በአንዱ ውስጥ አለ፤ 1 ሜትር ከ10።

የ137.9 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ17 ነው፤ ግማሹ 1 ሜትር ከ9። አንቴናህን ከቆርቆሮው ልክ በግማሽ ሞገድ ከፍታ ሰቅለኸዋል። ቆርቆሮ ደግሞ ለዚህ ሞገድ መስታወት ነው። ሳተላይቱ አናትህ ላይ ሲሆን ሲግናሉ በሁለት መንገድ ይደርስሃል። አንዱ በቀጥታ ይመጣል፤ ሌላው አንቴናውን አልፎ ቆርቆሮውን መትቶ ይመለሳል። የተመለሰው ግማሽ ሞገድ ወርዶ ግማሽ ሞገድ ወጥቷል፤ በድምሩ አንድ ሙሉ ሞገድ ዘግይቷል። መዘግየቱ ብቻ ቢሆን ሁለቱ ተደምረው በጠነከሩ ነበር። ነገር ግን ብረት ሞገዱን ሲያንጸባርቀው ይገለብጠዋል። የተገለበጠው ከቀጥተኛው ጋር ሲገናኝ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። ጥቁሩ ቀበቶህ ይህ ነው።

ሳተላይቱ ዝቅ ሲል የሁለቱ መንገዶች ልዩነት ያጥራል። 30 ዲግሪ ላይ ልዩነቱ ግማሽ ሞገድ ይሆንና፣ ከመገልበጡ ጋር ሲደመር ሁለቱ ይተጋገዛሉ። 10 ዲቢ ያገኘኸው ለዚህ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ቆርቆሮው እስከ 6 ዲቢ ጨምሮልሃል። በጎን የሚያልፈው ሳተላይት ቀበቶ የሌለውም 70 ዲግሪ ስለማይደርስ ነው።

ስለዚህ አንቴናውን አውርደው። ሰፊና ዝርግ ቆርቆሮ ላይ ሒሳቡ እንዲህ ይመጣል። በ55 ሴ.ሜ.፣ ማለትም በሩብ ሞገድ፣ አናት ላይ 6 ዲቢ ታተርፋለህ፤ 20 ዲግሪ ላይ ግን ምንም ትርፍ የለም። በ75 ሴ.ሜ. አናት ላይ ከ4 ዲቢ በላይ፣ 20 ዲግሪ ላይ ደግሞ ከ2 እስከ 3 ዲቢ ታገኛለህ። እኔ የምመርጠው 75ን ነው። ሳተላይቱ ዝቅ ብሎ ሲታይ ርቀቱ ትልቅ ስለሆነ እርዳታ የሚያስፈልገው እዚያ ነው፤ አናት ላይ ሲሆን 820 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚርቅ ሲግናሉ በራሱ ጠንካራ ነው።

አለካኩን ተጠንቀቅ። ጣሪያው ተዳፋት ስለሆነ 75ቱን ሴንቲ ሜትር በቱንቢ ሳይሆን ለቆርቆሮው ቀጤ ነክ አድርገህ ለካ። ሲግናሉ የሚጠፋበት አቅጣጫም ከቆርቆሮው ጋር አብሮ ያዘነብላል። ቆርቆሮው ወደ ምዕራብ የሚወርድ ከሆነ የሚጠፋው ከአናትህ ትንሽ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብሎ ነው። አንቴናው ከቆርቆሮው ጠርዝ ቢያንስ 2 ሜትር ወደ ውስጥ ይግባ፤ ጠርዝ ላይ ከሆነ ግማሹ መስታወት ግማሹ አየር ይሆንና ይህ ሁሉ ሒሳብ ይዛባል።

“አንቴና ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል” የሚለው ለኤፍኤምና ለቴሌቪዥን የሚሠራው ጣቢያው ከአድማስ በኩል ስለሚመጣ ነው። የውጭ አገር መመሪያዎችም የቆርቆሮውን ነገር አያነሱም። የእኛ ከተማ ግን ሁለመናዋ ቆርቆሮ ነው።

የቪው አፍ ወደ ሰሜን ማየቱ ትክክል ነው፤ አትንካው።


ዘደምቢያ መለሰ፦

ስለ ከፍታው ጋሽ ሽቦ ጨርሰውታል። እኔ ስለ ኖአ ልመልስልህ።

ኖአን መፈለግ ይቅር፤ በ137 ሜጋኸርዝ ምስል ይልኩ የነበሩት ሁሉም ተዘግተዋል። ኖአ 18 እ.ኤ.አ. በጁን 2025 አበቃ። ኖአ 19 ነሐሴ 7፣ ኖአ 15 ደግሞ ነሐሴ 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ተዘጉ። ኖአ 15 እ.ኤ.አ. በ1998 የመጠቀ ነው፤ 27 ዓመት አገልግሎ በቡሄ ዕለት ዝም አለ። ስለዚህ “በ34 ኪሎኸርዝ ኤፍኤም ቅዳና ድምፁን ወደ ምስል ቀይር” የሚሉ የቆዩ መመሪያዎች አሁን አይጠቅሙም። ሜቲዮር ዲጂታል ነው፤ በሰከንድ 72,000 ምልክት ይልካል። ዋተርፎሉ (ሲግናሎችን በፍሪኩዌንሲ ለይቶ የሚያሳየው የፕሮግራሙ ሥዕል) ላይ የምትፈልገው ቀጭን መስመር ሳይሆን ከ100 ኪሎኸርዝ በላይ ስፋት ያለው፣ አናቱ ዝርግ የሆነ ጉብታ ነው። በሳትደምፕ የኤም2-ኤክስ ኤልአርፒቲ (የሜቲዮር ዲጂታል ምስል ስርጭት) 72ኬ ምረጥ። ኤስኤንአሩ ጥሩ ሆኖ ካልያዘ 80ኬን ሞክር። 137.9 ላይ ምንም ከሌለ ደግሞ 137.1ን እይ፤ ፍሪኩዌንሲውን አንዳንዴ ይቀያይሩታል። እ.ኤ.አ. በጁን 2023 የመጠቀው ኤም2-3ም አለ፤ ሲግናሉ ግን ከፍ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ አንቴናህን የምትፈትሸው በኤም2-4 ይሁን።

ስለ ሰዓቱ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ፕሮግራሙ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ሲያሳይህ 3 ቀንስና በቀጥታ የእኛን ሰዓት ታገኛለህ። ዩቲሲ 05:40 ከሆነ ጠዋት 2:40 ማለት ነው። የምሕዋሩን መረጃ፣ ቲኤልኢ የሚሉትን፣ ኔትወርክ ባለ ጊዜ አውርደህ አስቀምጥ። ኔትወርክ ቢጠፋም አንድ ሳምንት ያህል ያለ ችግር ያገለግልሃል። ከሳተላይቱ ቀጥታ ሥር ያለው ነጥብ ምድር ላይ በሰከንድ 6.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ቲኤልኢው አርጅቶ የ10 ሰከንድ ስህተት ካመጣ በምስሉ ላይ የሚሣለው የካርታ መስመር 66 ኪሎ ሜትር ይንሸራተታል፤ የጣናን ዳርቻ የሚያሳየው መስመር ደረቅ መሬት ላይ ያርፋል።

ሌላው ደግሞ፣ በአውሮፓ እንደሚባለው በቀን ብዙ ምስል አትጠብቅ። ሳተላይቱ አንዴ ለመዞር 101 ደቂቃ ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ምድር 25 ዲግሪ ያህል ትዞራለች። በእኛ ኬክሮስ ይህ 2,750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ አንዱ ልክ አናታችን ላይ ካለፈ የሚቀጥለው አድማስ ላይ ተለጥፎ ነው የሚያልፈው፤ አይያዝም። አናት ላይ ያላለፈ ቀን ደግሞ ሁለት መካከለኛ ታገኛለህ። ከሁሉ የባሰው ቀን ሁለቱም 23 ዲግሪ አካባቢ የሚሆኑበት ነው። ይህ በ12 ሰዓት ልዩነት በቀን ሁለቴ ይደገማል። አናት ላይ የሚያልፈው እንዲህ ብርቅ በመሆኑ፣ በጥቁር ቀበቶ ማጣቱ በጣም ያሳዝናል። ካሜራው በአንድ ፒክስል 1 ኪሎ ሜትር የሚያሳየው ቀጥታ ከሥሩ ያለውን ብቻ ነው፤ ወደ ምስሉ ጠርዝ ሲሄድ ፒክስሉ ይለጠጣል። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አናት ላይ ሲያልፍ በ3,000 ፒክስል ያህል ታየዋለህ፤ ደቅ ደሴት ሳትቀር ነጥብ ሆና ትለያለች። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል የሕዳሴው ግድብ ሐይቅም በምዕራብ በኩል በግልጽ ይወጣል።

ከአድማስ 10 ዲግሪ እስከ 10 ዲግሪ ከያዝክ ምስሉ ከአባይ ዴልታ ተነስቶ ዶዶማን አልፎ ይሄዳል፤ 11 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ጎንደር በሰሜን በኩል ተራራ ስላላት እዚያ 10 ዲግሪን አትመኝ። ወደ ደቡብ፣ ወደ ደምቢያ ግን ክፍት ነው።


ቀለበት መለሰ፦

ኤልኤንኤውን በተመለከተ እኔ ግዛ እላለሁ። 12 ሜትር ገመድ ቀላል አይደለም፤ ፊልተር ያለው የ137 ኤልኤንኤ አንቴናው ሥር ቢገባ የገመዱን ኪሳራ ይሸፍናል። ቪ3 ደግሞ 4.5 ቮልት በገመዱ በኩል ስለሚልክ ሌላ የኃይል መስመር አይፈልግም።


ጋሽ_ሽቦ መለሰ፦

ቀለበት፣ ገመዱ 50 ሜትር ቢሆን ወይም ቀጭኑ ዓይነት ቢሆን እስማማ ነበር። የዲሽ ገመድ፣ አርጂ 6፣ በዚህ ፍሪኩዌንሲ 12 ሜትሩ የሚበላው 1 ዲቢ አካባቢ ነው። 75 ኦም መሆኑም ቢቆጠር ተጨማሪው ኪሳራ ከሩብ ዲቢ በታች ነው። በዚያ ላይ በ137 ሜጋኸርዝ የከተማው ጫጫታ ከሪሲቨሩ የራሱ ጫጫታ ይበልጣል፤ ኤልኤንኤው ሲግናሉንም የከተማውን ጫጫታም እኩል ያሳድጋል። በአንጸባራቂ የጠፋውን ሲግናል ደግሞ ማንም ኤልኤንኤ አይመልሰውም።

የሚፈርደው ይህ ፈተና ነው። ሳተላይት በሌለበት ሰዓት ዋተርፎሉን ክፈትና የጫጫታውን ደረጃ ተመልከት፤ ከዚያ የአንቴናውን ገመድ ንቀል። ደረጃው ከ5 ዲቢ በላይ ከወረደ ኤልኤንኤ አያስፈልግም፤ ሪሲቨሩ የውጭውን ጫጫታ በበቂ እየሰማ ነው። 1 ወይም 2 ዲቢ ብቻ ከወረደ ወይም ጭራሽ ካልወረደ ግን ቀለበት ትክክል ነው።


ማራኪ137 ጻፈ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ ወደ 75 ሴ.ሜ. አወረድኩት፤ የለካሁትም ለቆርቆሮው ቀጤ ነክ አድርጌ ነው። አሁን 30 ዲግሪ ላይ 9 ዲቢ፣ አናት ላይ 13 ዲቢ ይሰጣል። ቀበቶው የለም፤ ጣና ሙሉ ነው!

ፈተናውንም ሠራሁ፤ ገመዱ ሲነቀል ጫጫታው 11 ዲቢ ይወርዳል። ኤልኤንኤ ቀርቷል።

አሁን የቀሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። ማታ ከ12 እስከ 3 ሰዓት ኤስኤንአሩ 4 ዲቢ ይቀንሳል፤ ዋተርፎሉ ላይም እኩል የተራራቁ መስመሮች ይታያሉ። ሁለተኛው፣ ጌይኑን ከ40 ወደ 30 ዝቅ ሳደርገው ኤስኤንአሩ በ2 ዲቢ ይጨምራል። ይህ የተገላቢጦሽ አይደለም?


ቀለበት መለሰ፦

አይደለም። ጌይን ሲቀነስ ኤስኤንአር የሚጨምረው ሪሲቨሩ በሌላ ጠንካራ ጣቢያ ታፍኖ ሲሆን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በኤፍኤም። ለጊዜው 30 ላይ ተወው። በደንብ ለመፍታት ግን ከተረፈህ የዲሽ ገመድ ፊልተር መሥራት ትችላለህ።

በመጀመሪያ ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ቃኝተህ ከሁሉ የጠነከረውን ጣቢያ ለይ። 12,440ን ለጣቢያው ፍሪኩዌንሲ አካፍል፤ የሚመጣው ርዝመት በሴንቲ ሜትር ነው። ለምሳሌ ለ98 ሜጋኸርዝ 127 ሴ.ሜ. ይሆናል። ይህ ውስጡ አረፋ ለሆነው የዲሽ ገመድ ነው። ከዚያ ርዝመት 10 ሴ.ሜ. አስበልጠህ ቁረጥ። አንዱን ጫፍ ከአንቴናው ገመድ ጋር፣ መሐለኛውን ሽቦ ከመሐለኛው፣ መረቡን ከመረቡ አገናኝ። ሌላኛውን ጫፍ በአየር ላይ ተወውና በተሰላው ርዝመት ላይ ገመዱን በመርፌ ቁልፍ ውጋው፤ ቁልፉ መረቡንና የመሐሉን ሽቦ ያገናኛል። ሪሲቨሩን ጣቢያው ላይ አድርገህ ቁልፉን በ1 ሴ.ሜ. እያንቀሳቀስክ ውጋ። ጣቢያው ከሁሉ ዝቅ ያለበትን ቦታ ስታገኝ እዚያ ላይ ቁረጥና መሐሉን ከመረቡ ጋር አገናኝተህ ዝጋው። ጣቢያው ከ25 ዲቢ በላይ መውረድ አለበት። በ137.9 ላይ ያለው ኪሳራ ደግሞ የ1 ዲቢ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው።

ጫፉ ክፍት የሆነና ርዝመቱ በግማሽ ያጠረ ፊልተር የሚመክሩ አሉ። ኤፍኤሙን እሱም ይቆርጣል፤ ነገር ግን 137 ላይ ከ1.5 ዲቢ በላይ ያስከፍላል። ለመገናኛውም የዲሽ ስፕሊተር አትጠቀም፤ ውስጡ ቀጥታ መገናኛ አይደለም። ቲ ቅርጽ ያለው የኤፍ ኮኔክተር ያስፈልግሃል።


ዘደምቢያ መለሰ፦

እኩል የተራራቁት የማታ መስመሮች ከቤት ዕቃ የሚመጡ ናቸው፦ የኤልኢዲ አምፖል፣ የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር፣ የዲሽ ሪሲቨር። መጀመሪያ ላፕቶፑን ከቻርጀር ንቀልና በባትሪ ሞክር። ቀጥሎ ዶንግሉን በ1.5 ሜትር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ከላፕቶፑ አርቀው። ከዚያ አምፖሎቹን አንድ በአንድ እያጠፋህ መስመሮቹ የሚጠፉበትን እይ። ሠፈሩ ሁሉ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ በባትሪ ለ2 ደቂቃ ቅዳና የጫጫታውን ደረጃ መዝግብ፤ ከዚያ በታች መውረድ አትችልም። በዚያ ሰዓት ንጹሕ ከሆነ፣ የቤትህን ዋና ማብሪያ አጥፍተህ ግን መስመሮቹ ካልጠፉ፣ ምንጩ ጎረቤት ነው። እዚያ ላይ የሚረዳህ አንቴናውን ከኤሌክትሪክ መስመሩ ወደ ራቀው የጣሪያው ጫፍ ማዛወር ነው፤ ከቆርቆሮው ጠርዝ የ2 ሜትሩን ነገር ሳትረሳ።

ሳተላይቱ ሲያልፍ ጥሬውን ሲግናልም አስቀምጥ። በሰከንድ 1.024 ሚሊዮን ናሙና፣ በ8 ቢት፣ የ10 ደቂቃው 1.2 ጊጋባይት ይሆናል። ምልክቱ ደካማ ከነበረ በኋላ ላይ ሌላ ቅንብር መሞከር የምትችለው ጥሬው ካለህ ብቻ ነው።


ጋሽ_ሽቦ መለሰ፦

ቀለበት የጻፈው ፊልተር ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ጫፉ የተዘጋ ስለሆነ ለቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ሾርት ነው። ወደፊት ኤልኤንኤ ብታስገባ ፊልተሩ በአንቴናውና በኤልኤንኤው መካከል ይሁን፤ በኤልኤንኤውና በዶንግሉ መካከል ከገባ 4.5 ቮልቱን ሾርት ታደርጋለህ። አሁንም በሳትደምፕ የባያስ ማብሪያው (4.5 ቮልቱን በገመዱ የሚልከው) መጥፋቱን አረጋግጥ።

የዲሽ ገመድ መረቡ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው፤ በሶልደር አይያዝም፤ የያዘ መስሎ ይለቃል። በብሎን አጥብቀው። መገናኛውን በላስቲክ ቴፕ ከሥር ወደ ላይ ጠቅልል፤ እንዲህ ሲሆን የላይኛው ዙር የታችኛውን ስለሚሸፍን ውሃ አይገባም። ገመዱ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት በመስኮቱ ሥር ዝቅ ብሎ ይጠፍ፤ ዝናቡ እዚያ ይንጠባጠባል። መረቡ ውስጥ ውሃ የገባ ገመድ ቢደርቅም ስለማይመለስ ጠቅላላውን መቀየር ነው።

ክረምቱም ከሰኔ ጀምሮ መብረቅ አለው። ይህ አንቴና ከቆርቆሮው ብዙ ከፍ ባይልም መብረቅ በቅርብ ሲወድቅ በገመዱ ላይ የሚነሳው ቮልቴጅ ዶንግሉንም ላፕቶፑንም ይወስዳል። ነጎድጓድ በሩቁ ሲሰማ፣ ገና ሳይቀርብ፣ ገመዱን ከዶንግሉ ንቀልና ጫፉን ከመስኮት ውጭ አድርገው። ነጎድጓዱ ከቀረበ በኋላ ግን ገመዱን አትንካው።